ጌታ ያጣው የከብት ጠባቂ ውሻ

«ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» ይላል የአገራችን ተረት። ይህን የተናገረው ሰው የወለጋን የበቆሎ ማሳ ሌሊት ጠብቆ አያውቅም ማለት ነው። በነሐሴና በመስከረም እሸቱ ሲደርስ ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት ደግሞ ከርከሮ ማሳው ውስጥ ይገባል። ማማው ላይ ሆኖ የሚጮኸው ሰው አንድ ነው። ማሳው ሰፊ ነው፤ ጨለማው ዓይን ይወጋል። ከርከሮው በየት በኩል እንደገባ ቀድሞ የሚያውቀው ውሻው ነው። ጅብ ወደ በረት ሲጠጋ ቀድሞ የሚጮኸውም እሱ ነው። እረኛው ልጅ ከብቱን ነድቶ ወደ ወንዝ ሲወርድ አብሮ የሚወርደውም እሱ ነው። እንግዲህ ውሻን ከእርሻ ብዙ ነገር ያገባዋል።

ዛሬ የምንማረው ጌታውን ስላጣ ውሻ ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ምን ይሁን? እንግደለው ወይስ እንተወው? ወይስ ለሚስማማው ቤት እንስጠው? ለሚስማማው ቤት የምንሰጠውስ እንዴት አድርገን ነው?

ውሻ ጌታውን እንዴት ያጣል?

ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዳንዱ ጌታው ይሞትበታል። አንዳንዱ የሚጠብቀው ከብት ይሸጣል ወይም በገንዲ ያልቃል። አንዳንዱ ቤተሰብ መሬቱን በእኩል ሰጥቶ ከተማ ይገባል። ከዚህም ሌላ እኛ ራሳችን የምንሠራው ጥፋት አለ። ውሻችን ስትወልድ ወንድ ወንዱን መርጠን እናስቀራለን፤ ሴቶቹን ቡችሎች ግን ወስደን ጫካ ወይም ገበያ ዳር እንጥላለን። ከእነሱ መካከል የተረፉት አድገው ይወልዳሉ። የጣልናቸው ቡችሎች በዝተው ተመልሰው ይመጡብናል።

ከባድ ጊዜም አለ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በካማሺና በምሥራቅ ወለጋ አዋሳኝ ግጭት ሲነሣ ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወደ ነቀምቴና ወደ ሌሎች ቦታዎች መጡ። ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት በወለጋ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። ሰው ነፍሱን ለማዳን ሲሮጥ ልጁን ያዝላል፤ ከቻለም ከብቱን ይነዳል። ውሻውን የሚያስታውሰው መንገድ ላይ ነው።

ውሻ ደግሞ ጌታው ለምን እንደሄደ አያውቅም። ጥቂት ቀን በባዶው ቤት ደጃፍ ይጠብቃል። ርሃቡ ሲጠናበት ሰው ወዳለበት ይመጣል። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሲሬም ሆነ በባኮ፣ በሥጋ ቤት ደጃፍና በገበያ ዳር የምናያቸው ውሾች ሁሉ መንገድ ላይ የተወለዱ አይደሉም። ከመካከላቸው ትናንት ከብት ሲጠብቅ የነበረ አለ።

መርዝ መፍትሔ ይሆናል?

ባለቤት የሌላቸው ውሾች ሲበዙ በብዙ የአገራችን ከተሞች የሚወሰደው እርምጃ መርዝ ነው። ስትሪክኒን የሚባል መርዝ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ ይጣልላቸዋል። ይህ መርዝ ጌታ ያለውንና የሌለውን አይለይም። የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም። ሕፃን ቢያነሣውም ይገድላል። የሞተውን ውሻ የበላ ጥንብ አንሣና ጅብም ይሞታል።

ሰዎች መርዝ የሚጥሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእብድ ውሻን በሽታ ስለሚፈሩ ነው። ፍርሃቱ ትክክል ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ በዚህ በሽታ የሚሞቱት ሰዎች በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በሽታው ከያዛቸው ከ100 ሰዎች መካከል እስከ 99 ያህሉ ያገኛቸው በውሻ ንክሻ ነው። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ውሻን መግደል ብቻውን በሽታውን አያጠፋውም። የተገደለው ውሻ በለቀቀው ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስተምረው በሽታው የሚገታው በአንድ አካባቢ ካሉት 100 ውሾች ውስጥ 70ዎቹ ሲከተቡ ነው። ስለዚህ ሰፈራችንን ከበሽታው የሚጠብቀው ጌታ ያለውና የተከተበ ውሻ ነው።

የዚህን በሽታ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠው ሉዊ ፓስተር የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ነው። በ1877 ዓ.ም. እብድ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ አዳነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ፓስተር» እየተባለ የሚጠራው ቦታ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው።

የእረኞች ውሾች ካልተከተቡ የሚደርሰውን ጉዳት በባሌ ተራሮች አይተናል። በ1984 እና በ1996 ዓ.ም. ገደማ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ተላልፎ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ቀይ ቀበሮ ከአገራችን በቀር በሌላ በየትም አገር አይገኝም። ከዚያ ወዲህ በዚያ አካባቢ የገበሬው ውሾች እንዲከተቡ ይደረጋል።

ውሻ የነከሰው ሰው ምን ያድርግ? ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠበው። ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። መድኃኒት አዋቂ ፍለጋ ሲሉ ቀን ያሳለፉ ብዙ ሰዎች ሞተዋል። ውሻው ከተገኘ ሳይገደል ታስሮ 10 ቀን ይታይ። በእነዚህ ቀኖች ጠባዩን ከለወጠ፣ ለሃጩን ካዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ወይም አገጩ ከተንጠለጠለ ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።

ሁሉም ውሻ ለሁሉም ቤት አይሆንም

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ለምሳሌ ያህል ቡላ የሚባል አንድ ውሻ አለ እንበል። ቡላ በአንገር ሸለቆ በአንድ ገበሬ በረት ተወልዶ ከላሞችና ከጥጆች ጋር አደገ። አራት ዓመት ሞላው። ጌታው በሬዎቹን ሸጦ ከቤተሰቡ ጋር ነቀምቴ ገባና አንዲት ክፍል ቤት ተከራየ። ቡላ በአጭር ገመድ ከአጥር ጋር ታሰረ። ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል። ጎረቤቱ እንቅልፍ አጣ። አንድ ቀን ገመዱን በጥሶ የአከራይቱን ሁለት ዶሮዎች ገደለ። «ይህ ውሻ ከፍቷል፤ ይገደል» ተባለ።

ለመሆኑ ቡላ ከፍቷል? ዕድሜውን ሙሉ ሲሮጥና ሲጠብቅ የኖረ ውሻ ነው። ሥራውን ሲያጣ ጉልበቱን የሚያውልበት ቸገረው። ገበሬም ቢሆን በሬውን ነጥቀው አንድ ክፍል ውስጥ ቢዘጉበት ደግ ሆኖ አይውልም።

ቡላን የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች መጡ እንበል። አንደኛው ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር፣ 20 በጎችና ብዙ ዶሮዎች ያሉት ነው። ሁለተኛው በዲጋ በኩል ወደ ዴዴሳ ቆላ የሚኖር፣ በቆሎና ማሽላ የሚያርስ፣ ጥማድ በሬዎችና አምስት ላሞች ያሉት ነው። ዶሮዎቹን ፈንግል ጨርሶበታል።

በግ አርቢው ቀድሞ ደረሰና እንዲህ አለ፦

«ወንድሜ፣ ውሻህ ጎበዝ ነው አሉኝ። እባክህ ስጠኝ።»

የቡላ ጌታ ያን ቀን ጭንቀት ላይ ነው። አከራይቱ ተቆጥታለች። ገመዱን ለሰውዬው አቀብሎ ቢገላገል ማን ያውቅበታል? ሆኖም እንዲህ ሲል መለሰ፦

«ጎበዝስ ጎበዝ ነው። ግን ልደብቅህ አልችልም። የሰው ዶሮ ገድሏል። በግም አያውቅም፤ ያደገው ከላም ጋር ነው።»

«እንዴ! እንዲያ ከሆነ ይቅርብኝ። እውነቱን ስለነገርከኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

ይህ ሰው እውነቱን ባይናገር ኖሮ ምን ይመጣ ነበር? ቡላ በጎቹን ሲያሳድድ አንዱን ይገድላል። በግ አርቢው ውሻውንም በጉንም ያጣል። ሁለቱ ሰዎች ይጣላሉ። ቡላም በዱላ ይሞታል። በሁለተኛው ቤት ግን ላሞች አሉ፣ ማሳ አለ፣ ማማ አለ፤ የሚገደል ዶሮ የለም። ሌሊት መጮሁ በከተማ ጥፋት ነበር፤ በዴዴሳ ዳር ግን የሚፈለግበት ሥራው ነው። ውሻው ያው ነው፤ የተለወጠው ቤቱ ነው።

ለየትኛው ቤት የትኛው ውሻ?

በጎችና ፍየሎች ላሉት ቤት የሚሻለው ቡችላ ነው። ቡችላ ከተወለደ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው በጋጣው ውስጥ ከግልገሎች ጋር እንዲያድግ ቢደረግ መንጋውን እንደ ወገኑ ይቆጥራል። በግ ሳያይ ያደገ ትልቅ ውሻ ግን በግ ሲሮጥ ሲያይ ማሳደድ ይቀናዋል።

ይህን በሌላ አገርም ሞክረውታል። ናሚቢያ በምትባል የአፍሪካ አገር ገበሬዎች ፍየላቸውን ስለሚበላባቸው አቦ ሸማኔን ይገድሉ ነበር። እዚያ ያለው የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ድርጅት በ1986 ዓ.ም. ገደማ ዘራቸው ከቱርክ አገር የሆነ ትልልቅ የመንጋ ጠባቂ ውሾችን ለገበሬዎች መስጠት ጀመረ። ቡችሎቹ ገና ትንንሽ ሳሉ ከመንጋው ጋር ይቀላቀላሉ። ከድርጅቱም ሰዎች እየሄዱ ውሾቹ እንዴት እንደተያዙ ያያሉ። ውሾቹ መንጋውን ጠበቁ፤ የገበሬው ጥፋት ቀነሰ፤ አቦ ሸማኔውም ከመገደል ዳነ። ውሻ ሰጥቶ ዘወር ማለት እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን።

ሰብል ለሚጠበቅበት ቤት ትልቅ ውሻም ይሆናል። ጥሩ የሚጮህ፣ ሰው ሲጠራው የሚመለስ፣ ከጠባቂው የማይለይ ይሁን። ከርከሮ ጥርሱ ክፉ ነው፤ ስለዚህ ዘሎ የሚገባበት ችኩል ውሻ ሳይሆን ከሩቅ የሚጮህ ውሻ ይበጃል።

ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ልጅ የለመደ ውሻ ይመረጥ። ልጅ ሲቀርበው የሚያጉረመርም፣ ምግቡን ሲነኩበት የሚናከስ ውሻ ለእንዲህ ያለ ቤት አይሰጥም።

ውሻ ቤት ውስጥ እንዲገባ የማይወዱ ሰዎችም አሉ። የሃይማኖታቸው ሥርዓት ሊሆን ይችላልና ሊከበር ይገባል። ለእንዲህ ያለው ቤት በረት ዳር ወይም ማሳ ዳር ማደር የለመደ ውሻ ይስማማዋል።

አገሩንም እንይ። የደጋ ውሻ ወደ ዴዴሳ ወይም ወደ አንገር ቆላ ሲወርድ ሊታመም ይችላል። ከብታችንን የሚፈጀው ገንዲ ውሻንም ይይዛልና። የቆላ ውሻ ለቆላ፣ የደጋ ውሻ ለደጋ ቢሰጥ ይመረጣል።

ለማንም የማይሰጥ ውሻም አለ። ሰው ደጋግሞ የነከሰ፣ እብድ ውሻ የነከሰው፣ ወይም ታሞ ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ለሌላ ሰው አይሰጥም። እንዲህ ያለውን ውሻ መስጠት የራስን አደጋ ወደ ሰው ቤት መላክ ነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደሚባለው አንዱ ስሕተት ሌላውን ይጠራል። ስለዚህ ውሳኔው ከእንስሳት ሐኪም ጋር ይሁን።

ከመስጠት በፊት

ጌታው የማይታወቅ ውሻ ስናገኝ በባዶ እጃችን አንያዘው፤ ልጆችም አይቅረቡት። አስቀድመን ጌታውን እንፈልግ። በገበያ ቀን እንጠይቅ፤ ለቀበሌውም እንንገር። የተፈናቀለ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ውሻውን ይፈልግ ይሆናል። ጌታው ካልተገኘ በወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ እናስከትበው። ውሻ ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ ለእብድ ውሻ በሽታ ይከተባል፤ ክትባቱም በየዓመቱ ይደገማል። ከተከተበ በኋላ አንድ ወር ያህል ለብቻው አቆይቶ ጠባዩን ማየት ደግ ነው። የሆድ ትል መድኃኒትም ይሰጠው።

ወንድ ውሻን ማኮላሸትም ከጠብና ከመባዘን ይመልሰዋል፤ ይህ ግን የሐኪም ሥራ ነው።

ማንበብና መጻፍ ከተማርን እዚህ ላይ እንጠቀምበት። ውሻ ስንሰጥ አብሮት የሚሄድ አንድ ወረቀት እንጻፍ። ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ለምሳሌ የቡላ ወረቀት እንዲህ ይላል፦

ስም፦ ቡላ። ወንድ።
ዕድሜ፦ አራት ዓመት ያህል።
መልክ፦ ቡላ፤ ደረቱ ላይ ነጭ አለበት።
የተከተበው፦ ጥቅምት 5 ቀን።
የሚያውቀው ሥራ፦ ከብት መጠበቅ፤ ሌሊት መጮህ።
የሚበላው፦ ቂጣና አሬራ።
የማይወደው፦ ታስሮ መዋል።
ጥፋቱ፦ ሁለት ዶሮ ገድሏል። ሰው ነክሶ አያውቅም።

ከስምንቱ መስመሮች ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው የመጨረሻው ነው። ምስጋናውን ሁሉም ሰው ይጽፋል፤ ጥፋቱን የሚጽፍ ግን ለተቀባዩም ለውሻውም ያሰበ ሰው ነው።

በአዲሱ ቤት

ውሻ አዲስ ቤት ሲገባ ይደናገጣል። ወደ ቀድሞ ቤቱ ለመመለስም ይሞክራል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ረዘም ባለ ገመድ ይያዝ። ገመዱ ጥላና ውሃ ካለበት ይደረስ። ምግቡን ሁልጊዜ የሚሰጠው አብሮት የሚውለው ሰው ይሁን። እረኛው ልጅ ከሆነ እረኛው፣ ሰብል ጠባቂው ከሆነ ሰብል ጠባቂው ያብላው። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» የተባለው ለዚህ ነው።

ከከብቱ ጋር ቀስ ተብሎ ይለማመድ። መጀመሪያ በገመድ ተይዞ በቀን ብርሃን ላሞቹን ይይ። ዝም ብሎ ሲያያቸው ይመስገን፤ ቁራሽ ይሰጠው። ሲሮጥባቸው በቃል ይከልከል፤ በዱላ አይደብደብ። የተደበደበ ውሻ ወይ ይሸሻል ወይ ይናከሳል።

ለውሻ ጥሬ ጉበትና ሳንባ አንስጥ። በተለይ ውሃ የቋጠረ ዕባጭ ያለበት ጉበትና ሳንባ ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፤ የትሉም ዕንቁላል ከውሻው ወደ ሰው ተላልፎ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ሌላ ዕባጭ ያበቅላል። በጎችን የሚያዞረው አዙሪትም የሚመጣው እንደዚሁ ነው። ውሻው የታመመውን በግ ጭንቅላት ይበላል፤ ትሉ ከእሱ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩም ወደ ሌሎች በጎች ይሄዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሥጋ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ውሻውን ከነካን በኋላ ምግብ ሳንነካ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ።

አንድ ወር ሲሞላ ሰጪው ሄዶ ውሻውን ይይ። ካልተስማማ ተቀባዩ ውሻውን ወደ መንገድ እንዳይጥለው ከመጀመሪያው ይነጋገሩ። «ካልሆነልህ ለእኔው መልስልኝ» የምትል አንዲት ቃል ብዙ ጥፋት ታስቀራለች።

ማጠቃለያ

በነቀምቴ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። በየወረዳውም የእንስሳት ጤና ሠራተኞች አሉ። እንጠይቃቸው፤ ውሾቻችን እንዲከተቡም ተሰባስበን እንጥራቸው። ዋናው ሥራ ግን የእኛው ነው። ጌታ ያጣ ውሻ ሳይከተብ ሲንከራተት አደጋ ነው፤ ሥራ የሚያገኝበት ቤት ሲገባ ግን የበረትና የማሳ ዘብ ነው። ልዩነቱን የምናመጣው እኛ ነን። ውሻውን ስንሰጥ እውነቱንም አብረን እንስጥ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ውሾች ጌታቸውን የሚያጡት በምን በምን ምክንያት ነው?
2. የቡላ ጌታ እውነቱን ደብቆ ውሻውን ለበግ አርቢው ቢሰጥ ኖሮ ማን ማን ይጎዳ ነበር?
3. ውሻን መግደል ብቻውን የእብድ ውሻን በሽታ የማያጠፋው ለምንድን ነው?
4. ውሻ የነከሰው ሰው በመጀመሪያ ምን ያደርጋል? ቀጥሎስ?
5. ስለ ራሳችሁ ውሻ እንደ ቡላ ወረቀት ያለ አጭር ወረቀት ጻፉ። ጥፋቱን መጻፍ አትርሱ።